የቤኔዲክት ሙሙት፦ አዘገጃጀቱ፣ አጠቃቀሙና ቀለሙ የሚያታልልባቸው ቦታዎች

የቤኔዲክት ሙሙት ከመደርደሪያው ሲያልቅ የስኳር ምርመራው ሙከራ ወደ ሰሌዳ ይዛወራል። መምህሩ «ሰማያዊው ወደ ጡብ ቀይ ይለወጣል» ብሎ ይጽፋል፤ ተማሪው ገልብጦ ለፈተና ይሸመድደዋል። እንዲህ መሆን የለበትም። ሙሙቱ የሚሠራው ከሦስት ነገሮች ነው። አንዱ ኮፐር ሰልፌት የሚባለው ሰማያዊ የመዳብ ጨው ነው፤ ሌሎቹን ሁለቱን ካጡ ከሸቀጣሸቀጥ መደብር በሚገዛ ቤኪንግ ሶዳና ሲትሪክ አሲድ ራስዎ ሊሠሯቸው ይችላሉ። መመሪያው ለሳይንስ መምህራን፣ ለቤተ ሙከራ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም መምህራቸው አጠገባቸው ቆሞ ለሚሠሩ ተማሪዎች ነው። ማዘጋጀቱ ከባድ አይደለም። ከባዱ ቀለሙን አይቶ፣ ያየውን ያህል ብቻ መናገር ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ የምቆየው እዚያ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ቱቦው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ይወቁ። ኮፐር ሰልፌት ውሃ ውስጥ ሲሟሟ የሚሰጠው ሰማያዊ ቀለም ሁለት ኤሌክትሮን የጎደለው መዳብ ቀለም ነው። ግሉኮስን የመሰለ ስኳር በቤዛዊ ሙሙት ውስጥ ሲሞቅ ለዚህ መዳብ ኤሌክትሮን ያቀብላል። መዳቡ አንድ ኤሌክትሮን ሲቀበል ውሃ ውስጥ የማይሟማ ቀይ ዱቄት ይሆናል፤ ስሙ ኩፕረስ ኦክሳይድ ነው። ስኳሩ ደግሞ በፋንታው ኦክሳይድ ይሆናል። ይህን ማድረግ የሚችሉት ስኳሮች ሪዲዩሲንግ ስኳር ይባላሉ፤ ግሉኮስ፣ ፍሩክቶስ፣ ወተት ውስጥ ያለው ላክቶስና ብቅል ውስጥ ያለው ማልቶስ ከእነዚህ ናቸው። ሻይ የምናጣፍጥበት ስኳር፣ ማለትም ሱክሮስ፣ ከዚህ ቡድን ውጭ ነው። ሱክሮስ የግሉኮስና የፍሩክቶስ ጥምር ቢሆንም ሁለቱ የተያያዙት ኤሌክትሮን ሊሰጡ በሚችሉበት በዚያው ጫፋቸው ስለሆነ መንገዱ ተዘግቷል። ጠያቂ ተማሪ ካለዎት «ፍሩክቶስ ኪቶን አይደለም ወይ፣ ለምን ቀይ ይሰጣል?» ማለቱ አይቀርም። ፍሩክቶስ በቤዛዊ ሙሙት ውስጥ ቅርጹን እየለዋወጠ ወደ አልዲሃይድነት ስለሚሄድ ነው።

መዳብ በቤዝ ውስጥ ብቻውን ቢተው ግን ስኳሩን ሳይጠብቅ ሰማያዊ ጭቃ ሆኖ ይዘቅጣል። ጀርመናዊው ኬሚስት ሄርማን ፎን ፌሊንግ እ.ኤ.አ. በ1849 ባወጣው ዘዴ ይህን የፈታው መዳቡን በታርትሬት አስይዞ ነው፤ ሆኖም ቤዙ ብርቱው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ስለሆነና ቅልቅሉ ስለማይቆይ በሁለት ጠርሙስ ተለያይቶ ይቀመጣል፣ የሚቀላቀለውም በሚሠራበት ሰዓት ነው። አሜሪካዊው ስታንሊ ሮሲተር ቤኔዲክት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያው ዐሥር ዓመት ታርትሬቱን በሲትሬት፣ ብርቱውን ቤዝ በለዘብተኛው ሶዲየም ካርቦኔት ተካው። በዚህ ምክንያት ሁሉም ነገር በአንድ ጠርሙስ ገብቶ ለረጅም ጊዜ ሳይበላሽ ይቀመጣል። ለትምህርት ቤት ከፌሊንግ ይልቅ ቤኔዲክትን የምመርጠው ለዚህ ነው፤ ልጆች እጅ ላይ የሚፈስ ነገር ቢፈስ እንኳ ጉዳቱ ያንሳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለ100 ሚሊ ሊትር ሙሙት 1.73 ግራም ኮፐር ሰልፌት (ሰማያዊው፣ ውሃ ያዘለው ክሪስታል)፣ 17.3 ግራም ሶዲየም ሲትሬትና 10 ግራም ውሃ አልባ ሶዲየም ካርቦኔት ይመዝኑ። ለአንድ ቱቦ 2 ሚሊ ሊትር የሚጠቀሙ ከሆነ ይህ 50 ቱቦ ያሠራል፤ ለአንድ ክፍል ይበቃል። አንድ ሊትር ከፈለጉ ሁሉንም በዐሥር ያባዙ።

ኮፐር ሰልፌቱን ከግብርና ግብዓት መደብር የሚገዙ ከሆነ ማሸጊያውን በደንብ ያንብቡ። የሰብል በሽታ መከላከያ ተብለው የሚሸጡ የመዳብ ውጤቶች ሁሉ ኮፐር ሰልፌት አይደሉም። ብዙዎቹ ኮፐር ኦክሲክሎራይድ ወይም ኮፐር ሃይድሮክሳይድ ናቸው፤ አረንጓዴ ወይም ፈዛዛ ሰማያዊ ዱቄት ሆነው ይመጣሉ፣ ውሃ ውስጥም አይሟሙም። የሚፈልጉት ግልጽ ሰማያዊ ክሪስታል ሆኖ በውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚሟማውን ነው። ሲያረጅ ላዩ ነጣ ካለ ውሃው ተኖበት ነው፤ ለዚህ ሥራ የነጣውን ትተው ሰማያዊውን ይመዝኑ።

ሶዲየም ካርቦኔት ከሌለዎት 16 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በደረቅ የብረት መጥበሻ ወይም በምድጃ ውስጥ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ለአንድ ሰዓት ያህል ያቁሉት። ሶዳው ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ እንፋሎት ለቆ ካርቦኔት ይሆናል። መድረሱን የሚያውቁት በሚዛን ነው፤ 16 ግራሙ ወደ 10 ግራም ወርዶ ከዚያ በታች መውረዱን ሲያቆም ደርሷል። ሶዲየም ሲትሬት ከሌለዎት ደግሞ 11.3 ግራም ውሃ አልባ ሲትሪክ አሲድ (ውሃ ያዘለው ዓይነት ከሆነ 12.4 ግራም) በ50 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙተው 14.8 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ በትንሹ ይጨምሩበት። የሚለቀቀው ጋዝ ከአራት ሊትር ይበልጣልና ዕቃው ሰፊ ይሁን፤ በጠባብ ቢከር ከሠሩት አረፋው ገንፍሎ ጠረጴዛው ላይ ያድራል። አረፋው ሲያበቃ ያገኙት 17.3 ግራሙን የሚተካ የሲትሬት ሙሙት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ቤኪንግ ሶዳና ቤኪንግ ፓውደር ለየቅል ናቸው። ቤኪንግ ፓውደር አሲድና ስታርች የተቀላቀለበት በመሆኑ ሥራውን ሁሉ ያበላሻል። ውሃውን በተመለከተም፣ ዲስቲልድ ውሃ ከባትሪ ሱቅ ሲገዙ የባትሪ አሲድ እንዳይሰጥዎት ጠይቀው ይረከቡ፤ ሁለቱም ቀለም የለሽ ሆነው በተመሳሳይ ጀሪካን ይቀመጣሉ። ዲስቲልድ ከጠፋ ንጹሕ የዝናብ ውሃም ለዚህ ሙከራ ያገለግላል።

አዘገጃጀቱ

ሥራውን ሲጀምሩ መነጽርና ጓንት ያድርጉ። ኮፐር ሰልፌት ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል፣ ከተዋጠም መርዝ ነው።

ሲትሬቱንና ካርቦኔቱን በ80 ሚሊ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እያማሰሉ ያሟሙ። ሲትሬቱን ራስዎ ሠርተውት ከሆነ ካርቦኔቱን እዚያው ላይ ጨምረው ወደ 80 ሚሊ ሊትር ያድርሱት። ዝቃጭ ወይም ጉድፍ ካለበት በማጣሪያ ወረቀት ያጥልሉት። በሌላ ዕቃ ኮፐር ሰልፌቱን በ10 ሚሊ ሊትር ውሃ ያሟሙ። ከዚያ ሰማያዊውን በቀጭኑ፣ ያለማቋረጥ እያማሰሉ፣ ቀለም በሌለው ላይ ያንቆርቁሩት። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ፤ ካርቦኔቱን በመዳቡ ላይ ካፈሰሱ መዳቡን የሚይዝ በቂ ሲትሬት በአቅራቢያው ስለማይኖር ሰማያዊ አረንጓዴ ዝቃጭ ይወጣል። በመጨረሻ በውሃ 100 ሚሊ ሊትር ይሙሉት። ያገኙት ጥርት ያለ፣ ደማቅ ሰማያዊ ፈሳሽ መሆን አለበት።

ወደ ጠርሙስ ከመገልበጥዎ በፊት ይፈትሹት። 2 ሚሊ ሊትር ወስደው ከጥቂት ጠብታ ውሃ ጋር በፈላ ውሃ ውስጥ ያቆዩት። ሰማያዊነቱና ጥራቱ እንዳለ ከቀረ ሙሙቱ ደኅና ነው። አረንጓዴ ወይም ብጫ ብናኝ ካሳየ ዕቃው ወይም ከግብዓቶቹ አንዱ በስኳር ወይም በመሰል ነገር ተበክሏል፤ እንዲህ ያለውን ሙሙት ለማዳን መድከም አያስፈልግም፣ እንደገና ይሥሩ።

ጠርሙሱ የፕላስቲክ ወይም የጎማ ክዳን ያለው ይሁን፤ የመስታወት ክዳን በቤዝ ተጣብቆ አልከፈት ይላል። ስሙን፣ የተዘጋጀበትን ቀንና «መርዝ» የሚለውን ቃል ይጻፉበት። በሃይላንድ ጠርሙስ በፍጹም አያስቀምጡት። ሰማያዊ ፈሳሽ በውሃ ጠርሙስ ውስጥ ያየ ሕፃን የሚጣፍጥ መጠጥ ነው ብሎ ያስባል።

ምርመራው

በንጹሕ የሙከራ ቱቦ 2 ሚሊ ሊትር ሙሙት ያድርጉና የሚመረመረውን ፈሳሽ አራት ጠብታ ይጨምሩበት። ናሙናውን ማብዛት ውጤቱን አያሻሽለውም፤ እንዲያውም አሲድነት ያለው ናሙና ሲበዛ የሙሙቱን ቤዝ ይበላዋል። ቱቦውን ነቅነቅ አድርገው በሚፈላ ውሃ ውስጥ ያቁሙት። በቀጥታ ነበልባል ላይ አያሙቁት፤ ፈሳሹ በድንገት ተነሥቶ ፊት ላይ ይረጫል።

የደቂቃው ጉዳይ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል፤ የውጭ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ደቂቃ ይላሉ። እነዚያ ቁጥሮች የተጻፉት ውሃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ ታስቦ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ውሃዋ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድሬዳዋ ላይ ወደ 96 ይጠጋል። የኬሚካል ሂደት በስምንት ዲግሪ ልዩነት ጎልቶ ይዘገያል፤ በመሆኑም በደጋ አገር ስምንት ወይም ዐሥር ደቂቃ ይስጡት። ደሴ ወይም ደብረ ብርሃን ላይ በሦስተኛው ደቂቃ ቱቦውን አውጥቶ «ስኳር የለበትም» የሚል ተማሪ የጠፋበት ስኳሩ ሳይሆን ጊዜው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የሚመረምሩት ቱቦ ብቻውን ምንም አይናገርም። ሁልጊዜ ቢያንስ ሦስት ተጨማሪ ቱቦዎች አብረውት ይቁሙ፤ በአንዱ በናሙናው ፋንታ ውሃ፣ በሌላው የታወቀ የግሉኮስ ሙሙት ይግባ፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሚመረመረው ጋር አንድ ዓይነት ቅልቅል ይዞ ከፈላው ውሃ ውጭ፣ ሳይሞቅ ይቀመጥ። የውሃው ቱቦ ሰማያዊ ሆኖ ካልቀረ ሙሙቱ ወይም ዕቃው ቆሻሻ ነው። የግሉኮሱ ቱቦ ቀይ ካልሆነ ሙቀቱ ወይም ጊዜው አልበቃም፣ አለዚያም ሙሙቱ በትክክል አልተሠራም። ሦስተኛው፣ ሰዎች የሚዘነጉት፣ ከሁሉ በላይ ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም ብጫ ናሙና ከሰማያዊ ሙሙት ጋር ሲቀላቀል ያለ ምንም ስኳር አረንጓዴ ይሆናል። ጠጅን ወይም የብርቱካን ጭማቂን በዚህ መንገድ የመረመረ ሰው ከማሞቁ በፊት «ስኳር አገኘሁ» ሊል ይችላል። ያልሞቀው ቱቦም እንደዚያው አረንጓዴ ከሆነ ቀለሙ የናሙናው ነው። እውነተኛው ምልክት ቀለም ብቻ ሳይሆን ድፍርስነት ነው፤ ፈሳሹ ደፍርሶ፣ ሲቀመጥ ከሥሩ ዝቃጭ ሊታይ ይገባል።

የመጠን ግምት ከፈለጉ መለኪያውን ራስዎ ያዘጋጁ። 2 ግራም ግሉኮስ በውሃ አሟሙተው 100 ሚሊ ሊትር ይሙሉት፤ ይህ 2 በመቶ ነው። ከእርሱ 10 ሚሊ ሊትር ወስደው 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲጨምሩበት 1 በመቶ ይሆናል። እንዲሁ እያጋመሱ እስከ 0.25 በመቶ ይውረዱ። ሁሉንም በአንድ ውሃ፣ ለአንድ ዓይነት ጊዜ ያሙቁ። ዝቅተኛው አረንጓዴ፣ ከዚያ ብጫ፣ ከዚያ ብርቱካናማ፣ ከላይ ያለው የጡብ ቀይ ሆነው ይሰለፋሉ። አረንጓዴውና ብጫው የተለየ ውህድ አይደሉም። ጥቂት ዝቃጭ ከቀሪው ሰማያዊ ጋር ተቀላቅሎ አረንጓዴ ይመስላል፤ የዝቃጩ ቅንጣት ደቃቅ ሲሆን ብጫ፣ ሲጎላ ቀይ ይሆናል። መጽሐፍ ላይ የታተመውን የቀለም ሰንጠረዥ ከማመን ይህን የራስዎን ረድፍ ማመን ይሻላል፤ የእርስዎን ውሃ፣ የእርስዎን ከፍታና የእርስዎን እሳት የሚያውቀው እርሱ ነው።

ምን እንመርምር?

ከሁሉ ቀላሉ ሙዝ ነው። ያልበሰለና የበሰለ ሙዝ ለየብቻ በጥቂት ውሃ ወቅጠው ያጥሉና ይመርምሩ፤ ያልበሰለው ስታርቹ ገና ስላልተፈታ ደካማ ቀለም ይሰጣል። ሽንኩርትና ወተትም ቀይ ይሰጣሉ። ወተት ገና ሳይሞቅ ድፍርስ በመሆኑ ያልሞቀውን ማወዳደሪያ አይርሱ።

የገበታ ስኳር ይበልጥ ያስተምራል። 1 በመቶ የስኳር ሙሙት ይመርምሩ፤ ሰማያዊ ሆኖ መቅረት አለበት። ነጭ ያልሆነ ስኳር ጥቂት ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ቀላል አረንጓዴ ካሳየ አይደንግጡ። ከዚያ ከዚሁ ሙሙት 5 ሚሊ ሊትር ላይ አምስት ጠብታ ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨምረው በፈላ ውሃ ውስጥ ዐሥር ደቂቃ ያቆዩት። አሲዱ ሱክሮሱን ለሁለት ይከፍለዋል። ሲቀዘቅዝ ቤኪንግ ሶዳ በቁንጥጫ እየጨመሩ አረፋው እስኪያቆም ያለዝቡት፤ ይህን ደረጃ ከዘለሉት የቀረው አሲድ የቤኔዲክትን ቤዝ ሊያዳክመው ይችላል። አሁን ሲመረምሩት ያው ስኳር ቀይ ይሰጣል።

በአገራችን ሊዘለል የማይገባው ናሙና ብቅል ነው። ገብስ ሲበቅል የሚያወጣው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ስታርችን ወደ ማልቶስ ይቆርጣል፤ ጠላ ጠማቂ እናቶች ብቅል የሚጨምሩት ለዚሁ ሥራ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ብቅል በ20 ሚሊ ሊትር፣ 60 ዲግሪ አካባቢ በሞቀ ውሃ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈው ያጥሉት። ይህን ውሃ ቀቅለው ባቀዘቀዙት የስታርች ሙሙት ላይ ጨምረው በየአምስት ደቂቃው ጥቂት ጠብታ እየወሰዱ ቢመረምሩ ቀለሙ እየበረታ ሲሄድ ያያሉ። ግን ይጠንቀቁ፤ የብቅሉ ውሃ ራሱ አስቀድሞ ማልቶስ ስላለበት ስታርች ሳይነካውም ቀይ ይሰጣል። ስለዚህ ያንኑ ያህል የብቅል ውሃ በስታርች ፋንታ ከንጹሕ ውሃ ጋር ቀላቅለው፣ ጎን ለጎን ሳይመረምሩ «ኢንዛይሙ ስታርቹን ፈታው» ማለት አይቻልም። ማስረጃው በሁለቱ ረድፎች መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ነው። ክፍሉ ይህን ከተረዳ ሌላው ሁሉ ቢቀር ግድ የለም።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆኑ አልዲሃይድን ከኪቶን ለመለየትም ሊሞክሩት ይችላሉ። ተራ ኪቶኖች አይነኩትም። ነገር ግን ቤንዛልዲሃይድን የመሰሉ፣ የአልዲሃይድ ጫፋቸው በቀጥታ ከቤንዚን ቀለበት ጋር የተያያዘ ውህዶችም አይነኩትም፤ ለእነዚያ የብር ሙሙቱን፣ የቶለንስን፣ ይጠቀሙ።

ለማይሆን ነገር አይጠቀሙበት

ይህን ሙሙት ያገኘ ሰው ቶሎ የሚመጣበት ሐሳብ ማር መፈተሽ ነው። ማር ይመርምሩ፣ ደማቅ ቀይ ይሰጣል፣ ደስም ይላል። ስኳር የተቀላቀለበት ማርም ግን እንዲሁ ቀይ ይሰጣል። ማር ራሱ በአብዛኛው ፍሩክቶስና ግሉኮስ ስለሆነ፣ የተጨመረበት ሱክሮስ ደግሞ ለዚህ ሙሙት የማይታይ ስለሆነ፣ ቱቦው ስለ ንጹሕነቱ ምንም አይነግርዎትም። በዓለም አቀፉ የምግብ ደንብ፣ በኮዴክስ፣ መሠረት የአበባ ማር ፍሩክቶስና ግሉኮሱ ተደምሮ ከ100 ግራም ውስጥ ከ60 ግራም ማነስ፣ ሱክሮሱም በመደበኛው ከ5 ግራም መብለጥ የለበትም። ይህን ለማረጋገጥ በቁጥር የሚለካ ምርመራ ያስፈልጋል፤ አስቀድሞ በአሲድ በተከፈለ ሽሮፕ ለተቀሸበ ማር ደግሞ ይኸኛው ልኬትም አይበቃም። በአራት ጠብታ ማርና በአንድ ቱቦ ነጋዴን መወንጀል ግፍ ነው።

ሁለተኛው ሽንት ነው። የቤኔዲክት ሙሙት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የስኳር ሕመምተኞችን ሽንት ለመመርመር አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ1941 የወጣው ክሊኒቴስት የተባለው እንክብል በዚሁ የመዳብ ሐሳብ የሚሠራ ሲሆን በ1956 ግሉኮስን ብቻ የሚለይ የኢንዛይም ወረቀት ክሊኒስቲክስ ተከተለው። ዛሬ ማንም በዚህ ሙሙት ራሱን አይመርምር። ቫይታሚን ሲና ሌሎች ኤሌክትሮን ሰጪዎችም ቀለሙን ይለውጡታል፤ ከዚህም ሌላ ግሉኮስ በሽንት የሚታየው በአብዛኛው የደሙ መጠን በዴሲ ሊትር 180 ሚሊ ግራም ገደማ ካለፈ በኋላ ነው፤ ሰማያዊ ሆኖ መቅረቱ ጤንነትን አያረጋግጥም።

ከሥራ በኋላ

ያለቀለትን ፈሳሽ ወደ ቦይ ወይም ወደ ወንዝ አይድፉ፤ መዳብ ለዓሣና ለሌሎች የውሃ ፍጥረታት ብርቱ መርዝ ነው። ሁሉንም በአንድ ባልዲ ያጠራቅሙና ቀዩን ዝቃጭ አጥልለው ያውጡ። የቀረውን ሰማያዊ ፈሳሽ በሰፊ ዕቃ ውስጥ ቀጭን አሲድ በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ አረፋው እስኪያበቃ ድረስ አሲዳዊ ያድርጉትና የብረት ሽቦ ወይም ምስማር ይንከሩበት። መዳቡ በብረቱ ላይ ቀይ ሽፋን ሆኖ ይወጣል፤ አንድ ቀን አድሮ ሰማያዊነቱ ይጠፋል። የተሰበሰበውን መዳብና ዝቃጩን አድርቀው ምልክት ባለበት ዕቃ ያኑሩ። ቱቦው ላይ ተለጥፎ በብሩሽ አልለቅ ያለውን ቀይ ቅርፊት ጥቂት ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያስለቅቀዋል፤ እጣቢውንም ወደዚያው ባልዲ ይጨምሩት። ከዚያ ቱቦዎቹን ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው ደፍተው ያድርቁ፤ በቱቦው ውስጥ የቀረ የስኳር ጭላጭ በሚቀጥለው ክፍል የውሃውን ቱቦ አረንጓዴ ያደርገዋል።